ያለ ቢላዋ የሰውን ውስጥ ያሳየ ሊቅ፦ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን

አንድ ሰው እጅግ ሲናደድ ወይም ኀዘን ሲበረታበት ቆሽቱ አረረ እንላለን። ይህን አነጋገር ከአባቶቻችን ተቀብለን ስንገለገልበት ኖረናል እንጂ፣ ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ጠይቀን የተረዳን ጥቂቶች ነን። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ፣ አከርካሪን ተሻግሮ በአግድም የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ለስላሳ ዕጢ ነው። ምግብ የሚያልም ጭማቂ ያመነጫል፤ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። በበቅሎ የተረገጠ፣ በመኪና መሪ ሆዱን የተመታ ወይም የብስክሌት እጀታ እንብርቱ በላይ የወጋው ሰው፣ ቆሽቱ በአከርካሪው ላይ ተጨፍልቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ምግብን ለማላም የተሠራው ጭማቂ ከቧንቧው ወጥቶ የገዛ ገላን መብላት ይጀምራል። የቆሽት ማረር አነጋገር መሆኑ ቀርቶ እውነተኛ ቃጠሎ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

የዚህ ጉዳት ክፋቱ መደበቁ ነው። ከቆዳ ላይ ትንሽ መቅላት እንጂ ሌላ ምልክት ላይታይ ይችላል። ሕመሙም ለጥቂት ሰዓታት በረድ ብሎ ተጎጂውን ደኅና ነኝ ሊያሰኘው ይችላል። ስለዚህም በጥንት ዘመን ሐኪሙ በሁለት አስጨናቂ ነገሮች መካከል ይቆም ነበር፤ ወይ ሆድን ቀዶ ማየት፣ አለዚያም እጅን አጣጥፎ መጠበቅ። በ1827 ትራቨርስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ስለ ተሰነጠቀ ቆሽት የመጀመሪያውን የሕክምና ዘገባ ሲያወጣ፣ ጉዳቱ የታወቀው በሠረገላ የተገጨችው ሴት ከሞተች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር ነበር።

ከዚያ 18 ዓመታት በኋላ የተወለደ አንድ ሰው ግን ሐኪም ሳይሆን፣ ቢላዋም ሳይጨብጥ፣ በሕይወት ያለን ሰው ውስጡን ለማየት የሚያስችለውን የመጀመሪያ በር ከፈተ። በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ የሕይወት ታሪክ፣ ግኝቱም በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከማይረሳ ዓመት ጋር እንዴት እንደተገናኘና እስከ ቆሽት ድረስ ለመዝለቅ ምን ያህል ዘመን እንደፈጀበት ለአንባብያን እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተገለጹ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልጅነትና ትምህርት

ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 በጀርመን አገር ሌኔፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጨርቅ አምራችና ነጋዴ ሲሆን፣ እናቱ የኔዘርላንድ ተወላጅ ነበረች። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ኔዘርላንድ ተዛውሮ በአፔልዶርን ከተማ ስለ ሰፈረ፣ ሮንትገን ያደገውና ፊደል የቆጠረው በዚያው ነው። በልጅነቱ የተለየ ብልህነት ታየበት የሚል ምስክርነት የለም፤ ይልቁንም በጫካና በሜዳ መዘዋወርን፣ እንዲሁም በእጁ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን መሥራትን ይወድ እንደነበር ይነገርለታል። ይህ የእጅ ብልሃቱ በኋላ ዘመን እጅግ ጠቀመው፤ የሚመራመርባቸውን መሣሪያዎች አብዛኛዎቹን ራሱ ይሠራቸው ነበርና።

በወጣትነቱ በኡትሬክት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር ሳለ፣ የሕይወቱን አካሄድ ያጣመመ አንድ ነገር ደረሰበት። ከተማሪዎቹ አንዱ የመምህራቸውን መልክ ለማላገጫ አስቂኝ አድርጎ በሥዕል ነደፈ። ሥዕሉ ሲገኝ ሮንትገን የሠራውን ሰው ስም እንዲናገር ተጠየቀ። እሱ ግን ጓደኛውን አሳልፎ ለመስጠት እንቢ በማለቱ ጥፋቱ በእሱ ላይ ዞረና ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በዚህም ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀት ሳያገኝ ቀረ፤ የዩኒቨርሲቲዎች በርም ተዘጋበት።

ይሁን እንጂ በስዊስ አገር የሚገኘው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምስክር ወረቀት የሌለውን ተማሪ በፈተና የሚቀበል መሆኑን ሰምቶ በ1865 ወደዚያ አቀና። በ1868 በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጋዞች ባቀረበው ጥናት የዶክትርና ማዕርግ አገኘ። ከዚያው ከዙሪክ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን ይዞ ወጣ ለማለት ይቻላል። አንደኛው፣ አውጉስት ኩንት የተባለው ፕሮፌሰር ረዳቱ አድርጎ የሙከራ ፊዚክስን ጥበብ ያስተማረው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ የዙሪክ መሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ከሆነችው ከአና በርታ ሉድቪግ ጋር መተዋወቁ ነው። በርታ በዕድሜ በስድስት ዓመት ትበልጠው ነበር። በ1872 ተጋቡ፤ ልጅ ስላልወለዱም በኋላ የወንድሟን ልጅ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳድገዋል።

በ1870 ኩንት ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሮንትገንም ተከተለው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ያ የጎደለው የምስክር ወረቀት እንቅፋት ሆኖበት በመምህርነት ሊቀበለው አልፈቀደም። ስለዚህ ከኩንት ጋር ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ በ1874 የማስተማር መብት አገኘ። ከዚያም በሆኸንሃይም፣ እንደገና በስትራስቡርግ፣ ከ1879 ጀምሮም በጊሰን እያስተማረ ዝናው እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻም በ1888 ያ በአንድ ወቅት አልቀበልህም ያለው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው። በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ። በዚህ ጊዜ ሮንትገን የ49 ዓመት ጎልማሳ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ጥንቁቅና ዝምተኛ ሰው ነበር። ሊቅነቱ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ ስሙ ከዚያ አልፎ በዓለም ይጠራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

የኖቬምበር ምሽት

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት አየሩ በተመጠጠለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍ የሚሆነውን ይመረምሩ ነበር። ሮንትገንም ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ምሽት ላይ በቩርትስቡርግ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቱቦውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ክፍሉን አጨለመ። ኤሌክትሪኩን በለቀቀ ጊዜ ግን ከቱቦው ራቅ ብሎ የነበረ፣ ባሪየም ፕላቲኖሲያናይድ የተባለ ቅመም የተቀባ ሰሌዳ ማብራት ጀመረ። ካርቶኑን አልፎ ሰሌዳው ላይ የደረሰ፣ ለዓይን ግን የማይታይ አንድ ጨረር እንዳለ ተገነዘበ።

ሮንትገን ይህን ላገኘው ሰው ሁሉ አልተናገረም። ለሰባት ሳምንታት ያህል በቤተ ሙከራው ተዘግቶ፣ አልፎ አልፎም ምግቡን እዚያው እየበላ፣ እዚያው እያደረ መረመረ። ጨረሩ በወረቀት፣ በእንጨትና በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ያልፋል፤ እርሳስ ግን ያግደዋል። አንድ የእርሳስ ቁራጭ ይዞ በጨረሩ ፊት ሲቆም የገዛ ጣቶቹን አጥንት ጥላ በሰሌዳው ላይ አየ። ዲሴምበር 22 ቀን ባለቤቱን በርታን ወደ ቤተ ሙከራው ጠርቶ እጇን በፎቶግራፍ መስታወት ላይ አስቀመጠ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም የእጇ አጥንቶችና በጣቷ ላይ የነበረው ቀለበት በግልጽ ተቀርጸው ወጡ። በርታ የገዛ አጥንቷን በማየቷ ደንግጣ የሞቷን ጥላ ያየች ያህል እንደተሰማት ይነገራል።

ዲሴምበር 28 ቀን ግኝቱን ለቩርትስቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር በጽሑፍ አቀረበ። የጨረሩ ምንነት ገና ያልታወቀ በመሆኑ፣ በሒሳብ ያልታወቀው ነገር በሚጠራበት ፊደል ኤክስ ጨረር ብሎ ሰየመው። በጃንዋሪ 1896 መጀመሪያ ላይ ወሬው በቪየና ጋዜጣ ወጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ጃንዋሪ 13 ቀን በንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ሁለተኛ ፊት በበርሊን ሙከራውን አሳየ፤ በ23ኛው ቀንም በቩርትስቡርግ ንግግር አደረገ። በዚያ ስብሰባ ላይ ኬሊከር የተባሉት ስመ ጥር የአካል ጥናት ሊቅ እጃቸውን ለጨረሩ ከሰጡ በኋላ፣ ጨረሩ በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተሰብሳቢውም በጭብጨባ ተቀበለው። እስከ ዛሬ ድረስ በጀርመንና በብዙ አገሮች የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

በዓድዋው ዓመት

አንባብያን የዘመኑን አቆጣጠር እንዲያስተውሉ እንጠይቃለን። ሮንትገን ጨረሩን ያየበት ምሽት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት የኢጣልያን ወራሪ ጦር ለመመከት ወደ ሰሜን በመገስገስ ላይ ነበር። የግኝቱ ወሬ በአውሮፓ በተናፈሰበት በጃንዋሪ ወር የመቀሌው ምሽግ በከበባ ላይ ነበር። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፣ ከሮንትገን ምሽት እስከዚያ ቀን ያለው ጊዜ አራት ወር እንኳ አይሞላም። ዓለምን ያስገረሙት እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ተፈጸሙ።

ግንኙነታቸው በዘመን ብቻ አልቀረም። በኢትዮጵያው ዘመቻ ላይ ከቆሰሉት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ ናፖሊ ወደሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ተወስደው ነበር። ጥይት በክንዳቸው ውስጥ ቀርቶ ነበርና፣ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለው የጦር ሐኪም በ1896 የጸደይ ወራት አዲሱን ጨረር ተጠቅሞ ጥይቶቹ ያሉበትን ቦታ አገኘ። በጦርነት ለቆሰለ ሰው ጨረሩ በሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ መሆኑን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውታል። ከዚያ በፊት ሐኪም ጥይትን የሚፈልገው ብረት ዘንግ ወይም ጣቱን በቁስሉ ውስጥ አስገብቶ እየዳሰሰ ነበር፤ ይህም ሕመሙን ከማባባሱ በላይ ቁስሉን ያመረቅዝ ነበር።

በሌላው ወገን ለቆሰሉት ኢትዮጵያውያን ግን ይህ መሣሪያ አልነበረም። እነሱን ያከሙት የአገር ወጌሾችና የመድኃኒት አዋቂዎች፣ በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ሐኪሞችም ነበሩ። ድል አድራጊው ሠራዊት ቁስሉን ታግሦ በእጅ ዳሰሳ ሲታከም፣ ድል የተመታው ወታደር በዓለም ላይ ከስድስት ወር የማይበልጥ ዕድሜ በነበረው ጥበብ ተመረመረ። ዛሬ በአማርኛ ራጅ ብለን የምንጠራው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣና ጨረሮች ማለት መሆኑን ስናስታውስ፣ የታሪክን አካሄድ ሳናደንቅ አናልፍም።

ያልሸጠው ሀብት

ጨረሩ ከታወቀ በኋላ ሀብት ለማካበት ለሮንትገን የቀረበት አልነበረም። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ግኝቱን በስሙ አስመዝግቦ መብቱን እንዲሸጥላቸው ጠይቀውት ነበር። በዚያን ዘመን በየከተማው ያሉ ሆስፒታሎች ሁሉ መሣሪያውን ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ስለ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ቢከፈለው ከአውሮፓ ባለጸጎች አንዱ በሆነ ነበር። እሱ ግን የሳይንስ ግኝት የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው በሚል እምነቱ ጸንቶ የባለቤትነት መብት ሳይጠይቅ ቀረ። በዚህም ምክንያት ቱቦና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው ማንኛውም ሐኪም ወይም መምህር፣ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨረሩን በሥራ ላይ ሊያውለው ቻለ። የናፖሊው የጦር ሐኪም በዚያ ፍጥነት ሊጠቀምበት የቻለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የባቫርያ መንግሥት ኒሻን ሲሸልመው ኒሻኑን ተቀብሎ፣ ከስሙ በፊት የሚደረገውን የመኳንንት ማዕርግ ግን አልፈልግም አለ። በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክሱ ሽልማት የእሱ ሆነ። ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ሽልማቱን ቢቀበልም ንግግር ሳያደርግ ተመለሰ፤ ገንዘቡንም ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ እንዲውል ሰጠ። ስለ ጨረሩ የጻፋቸው ጥናቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻውን በ1897 ካወጣ በኋላ መድረኩን ለሌሎች ለቀቀ።

ጨረሩ ግን በነጻ የተሰጠ ቢሆንም ያለ ዋጋ አልቀረም። ሮንትገን ሙከራውን ያደርግ የነበረው የፎቶግራፍ መስታወቶቹ እንዳይበላሹበት ብሎ በሠራው የዚንክና የእርሳስ ክፍል ውስጥ ስለ ነበር ሳያውቀው ራሱን ጠብቋል። ብዙ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ግን የጨረሩን ጉዳት ሳይረዱ እጃቸውን ደጋግመው እያስገቡ ጣቶቻቸውን፣ በኋላም ሕይወታቸውን አጡ። በ1936 በሃምቡርግ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ግቢ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ሐውልት ሲቆም 169 ስሞች ተቀርጸውበታል። ዛሬ የራጅ ባለሙያ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ማሽኑን የሚያሠራው በእነዚህ ሰዎች መሥዋዕትነት በተገኘ ዕውቀት ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሮንትገን በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ እስከ ጡረታው ድረስ በዚያ አገልግሏል። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣበት በ1914፣ 93 የጀርመን ምሁራን መንግሥታቸውን ደግፈው ባወጡት መግለጫ ላይ እሱም ፊርማውን አኖረ፤ በኋላ በዚህ መጸጸቱ ይነገራል። ከእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የተሸለመውን የወርቅ ሜዳይም ለጦርነቱ መርጃ አስረከበ። በዚያው ጦርነት የእሱ ጨረር በሁለቱም ወገን በኩል ቁስለኞችን ያገለግል ነበር፤ በፈረንሳይ በኩል ማሪ ኩሪ የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸውን መኪናዎች አዘጋጅታ እስከ ጦር ግንባር ድረስ አሰማርታለች። የአንድ ሰው ግኝት የአገሩን ጠላቶች ሕይወት ጭምር ሲያድን መታየቱ፣ ሮንትገን የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው ያለው ቃል በተግባር የተፈተነበት ነበር።

ባለቤቱ በርታ ለረጅም ጊዜ ታማ በ1919 አረፈች። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የገንዘብ ዋጋ ወድቆ የዕድሜ ልክ ቁጠባው ከንቱ ሆነ፤ ለቩርትስቡርግ የሰጠው የኖቤል ገንዘብም እንዲሁ ዋጋ አጣ። ግኝቱን ቢሸጠው ኖሮ በሀብት ላይ ሀብት ሊከምር ይችል የነበረው ሊቅ የመጨረሻ ዓመታቱን በቁጠባና በብቸኝነት አሳለፈ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በ77 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር በሙኒክ ሞተ። አስከሬኑ በጊሰን ከወላጆቹና ከባለቤቱ አጠገብ ዐረፈ። በኑዛዜው መሠረትም የግልና የሳይንስ ደብዳቤዎቹ ተቃጠሉ፤ ስለ ውስጣዊ ሐሳቡ ብዙ የማይታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሰውን ሁሉ ውስጥ ያሳየው ሰው የራሱን ውስጥ ሸፍኖ ሄደ።

ራጅ ያልደረሰበት ዕጢ

ሮንትገን ሲሞት ጨረሩ የተሰበረን አጥንትና የተሰወረን ጥይት በማሳየት የታወቀ ነበር። ወደ መነሻችን ስንመለስ ግን፣ ቆሽቱ የተጎዳ ሰው በዚያን ጊዜም ከ1827 ዓመቷ ሴት እጅግ የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አጥንት ጨረሩን በብዛት ስለሚያስቀር ጥላው ይለያል፤ ቆሽት፣ ጉበት፣ ጣፊያና አንጀት ግን ሁሉም ለስላሳዎች በመሆናቸው ጥላቸው አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገውን ዕጢ ከዚህ ጥላ ውስጥ ለይቶ ማውጣት የሚቻል አልነበረም።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የመጀመሪያውን የሒሳብ መንገድ ያገኘው የአፍሪካ ተወላጅ ነው። አላን ኮርማክ በ1924 በጆሃንስበርግ ተወለደ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሳለ፣ በ1956 በዚያው ከተማ በግሩት ስኩር ሆስፒታል የጨረር ሥራን እንዲቆጣጠር ተመደበ። በዚያም ጨረሩን ከብዙ አቅጣጫ በአንድ አካል ውስጥ በማሳለፍና የቀረውን መጠን በመለካት፣ የውስጡን እያንዳንዱን ክፍል በሒሳብ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ተረዳ። በ1963 እና በ1964 ጥናቱን ሲያወጣ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከእሱ ጋር ሳይገናኝ በእንግሊዝ አገር ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተባለ መሐንዲስ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ መሣሪያውን በኮምፒዩተር ሠራ፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን አንዲት ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭንቅላቷን ተመረመረች። በ1970ዎቹ አጋማሽ መሣሪያው ሆድንም ለማየት በቃ። ሁለቱ ሰዎች በ1979 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተካፈሉ። ይህ ዛሬ ሲቲ ስካን የምንለው ነው፤ መሠረቱ የሮንትገን ጨረር ነው።

ሲቲ ስካን ሆድን እንደ ተቆራረሰ ዳቦ በስስ በስሱ ከፍሎ ያሳያል። በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ደም ያለበትን ሥጋ ስለሚያደምቀው፣ በቆሽት ላይ የተፈጠረው ስንጥቅ እንደ ጥቁር መስመር፣ ዙሪያው የፈሰሰው ፈሳሽም እንደ ግራጫ ጥላ ሆኖ ይታያል። ሐኪሞች ጉዳቱን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል። ዋናው ጥያቄ የቆሽቱ ዋና ቧንቧ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም የሚለው ነው። ቧንቧው ደኅና ከሆነ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና በክትትል ሊድን ይችላል፤ ከተቆረጠ ግን መዘግየት አደገኛ ነው።

በዚህ ረገድ ሲቲ ስካንም የራሱ ድካም አለበት። ከአደጋው በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጎዳው ቆሽት ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እብጠቱና ፈሳሹ የሚገለጡት ቆይተው ነውና። ስለሆነም የሆዱ ሕመም ያልለቀቀው ሰው የመጀመሪያው ሥዕል ንጹሕ ነው ተብሎ መሸኘት የለበትም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ምርመራው እንዲደገም ያስፈልጋል። ቧንቧውን ለይቶ ለማየት ደግሞ ከ1990ዎቹ ወዲህ በመግነጢስ ኃይል የሚሠራው ኤም.አር.አይ. ያገለግላል። ይህ መሣሪያ ጨረር የሌለው በመሆኑና መሣሪያ በአፍ ማስገባት ሳያስፈልግ የቧንቧውን ፈሳሽ አድምቆ ስለሚያሳይ፣ በተለይ በብስክሌት ለወደቁ ሕፃናት ጠቃሚ ነው።

በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ከሁሉ የቀለለና የረከሰ ነው። መቀመጫውን በናይሮቢ ያደረገው የአምሬፍ ድርጅት ሐኪሞች በ1980ዎቹ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ይዘው በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ወደሚገኙት የቱርካና አርብቶ አደሮች ሄደው፣ ከውሻ በሚመጣ ትል ሳቢያ በሆድ ውስጥ የሚያድጉ እባጮችን ያለ ቢላዋ ለይተዋል። ከተማ ድረስ መምጣት የማይችል ሰው እመንደሩ ድረስ የሚሄድ ምርመራ ሊያገኝ እንደሚችል ይህ ሥራ አስመስክሯል። ለአደጋ ተጎጂም ቢሆን አልትራሳውንድ በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም መኖሩን በደቂቃዎች ውስጥ ይነግራል። ሆኖም ቆሽትን ከፊቱ ያለው የጨጓራና የአንጀት አየር ስለሚጋርድበት፣ እሱ ብቻውን ቆሽት ደኅና ነው ብሎ ለመፍረድ አይበቃም።

እንግዲህ ሮንትገን በአንድ ምሽት ያየው ብርሃን ቆሽት ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ወስዷል፤ የጀርመኑም፣ የደቡብ አፍሪካውም፣ የእንግሊዙም እጅ ተጨምሮበታል። ይህ ሊሆን የቻለው የመጀመሪያው ሰው በሩን ከፍቶ ቁልፉን ለራሱ ሳያስቀር ስለ ሄደ ነው። ዛሬ በአንድ የወረዳ ከተማ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ደጃፍ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ገበሬ የሮንትገንን ስም ላያውቀው ይችላል። ለመሣሪያውና ለባለሙያው ይከፍል እንደሆነ እንጂ ለጨረሩ ባለቤት የሚከፍለው ዕዳ የለበትም፤ ያን ዕዳ ሮንትገን ገና በ1896 ለሁሉም ሰርዞታል። የቀረው ሥራ መሣሪያዎቹን ተጎጂው ወዳለበት ማድረስ፣ ሆዱን ተመትቶ ደኅና ነኝ የሚለውንም ሰው በቶሎ አለማሰናበት ነው።